ውሻችንን ይዘን ወደ ቆላ ስንወርድ

የትንሣኤ በዓል ካለፈ በኋላ ብዙ ቤተ ሰቦች ድንኳናቸውን ጭነው ከደጋው ከተማ ይወጡና በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ወይም በሌላ የስምጥ ሸለቆ ስፍራ ሁለትና ሦስት ቀን ማረፍ ይወዳሉ። ልጆቹም የቤቱ ውሻ አብሮ ካልሄደ ጉዞው የተሟላ አይመስላቸውም። በዚህ የሚነቀፍ ነገር የለም። በመጽሐፈ ጦቢት እንደምናነበው ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሩቅ መንገድ ሲወጣ ውሻው ተከትሎት ሄዷል፤ ውሻ የመንገደኛ ባልንጀራ መሆኑ የቆየ ነገር ነው። ወቅቱ ግን የሚያዝያና የግንቦት ሐሩር የሚበረታበት ነውና፣ ለሰው መዝናኛ የሆነው ስፍራ ለውሻው የሞት ስፍራ እንዳይሆንበት አስቀድመን ልናስብለት ይገባል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ ላንጋኖ 1600 ሜትር ግድም ነው፤ መተሐራ ደግሞ ከ1000 ሜትር በታች ዝቅ ይላል። ሰው 1000 ሜትር በወረደ ቍጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። እኛ ጋቢያችንን አውልቀን ቀላል ልብስ እንለብሳለን፤ ውሻው ግን ለደጋ ብርድ የበቀለለትን ጠጕር አውልቆ ሊያኖር አይችልም። ሰውነቱ የቆላውን አየር እስኪለምድ ብዙ ቀን ያስፈልገዋል፤ እኛ ግን በግማሽ ቀን መንገድ አድርሰነዋል።

የሰው ገላ በሙቀት ጊዜ ሁለንተናው ያልበዋል፤ ላቡም ሲደርቅ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ውሻ ግን ላብ የሚወጣው ከእግሩ መዳፍ ሥር ብቻ ነው፤ ይኸውም በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚበርደው በማለክለክ፣ ማለትም ከምላሱና ከአፉ በሚተነው እርጥበት ነው። አየሩ እጅግ የሞቀና እርጥበት ያለበት ሲሆን ይህም ዘዴ ብዙ አይረዳውም። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ41 ዲግሪ ሲያልፍ አንጎሉ፣ ኵላሊቱና ሌሎችም የውስጥ ብልቶቹ ይጐዳሉ። አፍንጫቸው ደፍጣጣ የሆኑ፣ ያረጁ፣ የወፈሩና ገና ቡችላ የሆኑ ውሾች ከሌሎቹ ይልቅ ፈጥነው ይሸነፋሉ። እንዲህ ያሉትን በዘመድ ወይም በጎረቤት ዘንድ ትቶ መሄድ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባን ግን የውሻ ጠባይ ነው። ሰው ሲደክመው ይቀመጣል፤ አህያም ስትታክት አልሄድም ብላ ትቆማለች። ውሻ ግን ጌታው እየሄደ፣ ልጆቹም ኳስ እየወረወሩለት ወደ ኋላ መቅረትን አይወድም፤ እስኪወድቅ ድረስ ይከተላል። የምናመሰግንለት ታማኝነቱ ራሱ አደጋው ነው። እንግዲህ በቃ ማለት ያለበት ውሻው ሳይሆን ጌታው ነው።

ጥንቃቄው ከመንገድ ይጀምራል። በየመንገዱ ለምሳና ለቡና ስንወርድ ውሻውን በተዘጋ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አንተወው። ውጭው 24 ዲግሪ ብቻ ቢሆን እንኳ ፀሐይ ያገኘው መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ወደ 34፣ በ30 ደቂቃ ወደ 43 ዲግሪ ይደርሳል። መስኮቱን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግም አያድነውም። ተራ በተራ እንብላ፤ አንዱ ከእርሱ ጋር በጥላ ይቆይ።

ከስፍራው ስንደርስ ድንኳን ከመትከላችን በፊት ጥላውን እንመልከት። የግራር ጥላ ስስ ነው፤ ደግሞም ከፀሐይ ጋር ይዞራል። በጧት ጥላ ሥር የታሰረ ውሻ በቀትር ፀሐይ ላይ ተገኝቶ ገመዱ ከግንዱ ጋር ተጠማዝዞበት ውኃው ጋ መድረስ ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ነፋስ እንዲያሳልፍ ጎንና ጎኑ ክፍት የሆነ ሸራ እንወጥርለት። የተዘጋ ድንኳንም እንደ መኪናው ሁሉ ይግላልና በቀን ከዚያ ውስጥ አናስገባው።

ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ውሻው ይረፍ፤ ሽርሽሩና ጨዋታው ማለዳና ወደ ማታ ይሁን። ከመውጣታችን በፊት የእጃችንን አይበሉባ በመሬቱ ላይ እናኑር፤ እስከ 7 እስኪቈጠር መታገሥ ካልቻልን መሬቱ የእርሱንም መዳፍ ያቃጥላል። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በተራ ቀን 1 ሊትር ያህል ውኃ ይጠጣል፤ በሙቀት ጊዜ ግን እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈልጋልና ለአንድ ቀን 3 ሊትር ብንይዝለት መልካም ነው። ምግቡን ማለዳና ማታ እንስጠው። ከበዓሉ የተረፈውን ዶሮ ወጥ ግን አናቅምሰው፤ ሽንኵርት ለውሻ መርዝ ነው፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀቱን ይወጋል።

ውኃ ያለበት ስፍራ ሁሉ ለውሻ መልካም አይደለም። የሻላና የአብያታ ሐይቆች ውኃ ሶዳ የበዛበት ስለ ሆነ አይጠጣም። በአርባ ምንጭ አጠገብ ባለው በጫሞ ሐይቅ አዞ ስለሚበዛ ውሻን ወደ ዳርቻው ማቅረብ ለአውሬ አሳልፎ መስጠት ነው። ሌሊትም ጅብ አለና ከደጅ ታስሮ አይደር፤ ቀኑ ከቀዘቀዘ በኋላ በድንኳናችን ውስጥ ይተኛ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብሎ የተከተበ ይሁን። ማታ ማታ ጆሮውንና ብብቱን እየዳሰስን መዥገር እንፈልግለት።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል፤ ሆኖም ምልክቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ውሻው በጥላ ዐርፎ ሳለ ማለክለኩ ካልበረደለት፣ ልሃጩ ከወፈረ፣ ድዱ ከቀላ፣ ከተንገዳገደ፣ ካስመለሰው ወይም ስሙ ሲጠራ ዝም ካለ ሙቀት መትቶታል። ያን ጊዜ ወደ መኪና ከመሮጥ በፊት እናቀዝቅዘው። ወደ ጥላ ወስደን በእጅ ያለውን ቀዝቃዛ ውኃ በገላው ሁሉ፣ ይልቁንም በሆዱና በብብቱ ላይ ደጋግመን እናፍስስበት፤ በካርቶንም እናራግብለት። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ግን ሙቀቱን ያፍንበታል። ራሱን ካወቀ ጥቂት ውኃ እናቅርብለት፤ በግድ አናጠጣው። ከዚያም መስኮቱን ከፍተን ወደ እንስሳት ሐኪም እናድርሰው። የዳነ ቢመስል እንኳ የውስጡ ጕዳት ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ሊገለጥ ስለሚችል ሐኪም ሳያየው አንቅር።

በቤተ ሰብ ጉዞ ለሁሉ የተተወ ሥራ የማንም አይሆንም። አባት ስለ መኪናው፣ እናት ስለ ስንቁ ሲያስቡ እያንዳንዱ ሌላው ውሻውን ያየ ይመስለዋል። ስለዚህ ከቤት ሳንወጣ ከልጆቹ አንዱን ለውኃው፣ አንዱን ለጥላው በስም እንሹም፤ በየሰዓቱም ከታላላቆቹ አንዱ ሄዶ ይመልከት። ልጁ ጣሳውን ሲሞላ፣ ጠማኝ ብሎ ሊናገር ለማይችል ፍጥረት አስቀድሞ ማሰብን ይማራል።