ባለቤት ያለው ቁጥር

እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 በለንደን ከተማ እምብርት በተካሄደ የአርኪኦሎጂ ቁፋሮ ከ400 በላይ የሮማውያን የእንጨት ጽሕፈት ሰሌዳዎች ተገኙ። ሰሌዳዎቹ በሰም ተለብጠው በሹል ብረት ይጻፍባቸው ነበር። ሰሙ በዘመናት ብዛት ቢጠፋም የብረቱ ጫፍ እንጨቱን ጭሮት ስለነበር ጽሑፉ ሊነበብ ቻለ። እንጨቱም ሳይበሰብስ የቆየው ዎልብሩክ የተባለው የጥንት ጅረት ጭቃ ኦክሲጅን ስላላስገባ ነው። ከሰሌዳዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 57 የተጻፈ የዕዳ ሰነድ ነው። ጢቡሉስ የተባለ ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው፣ ግራቱስ ለተባለ ሰው ከተረከበው ሸቀጥ ዋጋ 105 ዲናር እንዳለበት በገዛ ስሙ ያረጋግጥበታል።

ዛሬ በዚያው ሥፍራ ላይ የቆመው ሕንፃ ብሉምበርግ የተባለው የፋይናንስ መረጃ ኩባንያ የአውሮፓ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው ይህ ሕንፃ 4,000 ያህል ሠራተኞችን እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ከሥሩ ተቀብሮ የተገኘው ሰነድና ከላዩ የሚሠራው ሥራ ግን በመሠረቱ አንድ ነው፤ ማን፣ ለማን፣ ስንት፣ መቼ የሚለውን በትክክል መዝግቦ ማቆየት። ለመሆኑ በዚህ ሥራ የሚውሉ ሰዎች ኑሯቸው ምን ይመስላል?

ከስንብት የተወለደ ኩባንያ

ማይክል ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ1981 ከሰሎሞን ብራዘርስ የአክሲዮንና የቦንድ ንግድ ድርጅት ሲሰናበቱ ድርሻቸው የሆነ 10 ሚሊዮን ዶላር ተከፈላቸው። ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የቦንድ ዋጋን የሚያሰላና የሚያሳይ የኮምፒዩተር ሥርዓት መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው ደንበኛቸው ሜሪል ሊንች ነበር። መሥራቹ በኋላ በጻፉት ግለ ታሪክ እንደተረኩት፣ በዚያ ዘመን በደንበኛው ቢሮ ጠረጴዛ ሥር እየዳኹ ገመድ ይዘረጉ የነበሩት እነርሱው ራሳቸው ናቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ300 ሺህ በላይ ተጠቃሚዎች ያሉት ተርሚናል በጥቁር ገጹና በብርቱካንማ ፊደሎቹ ይታወቃል።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ብዙዎቻችን በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የምናየው ቁጥር ከማሽኑ ሆድ የተወለደ ይመስለናል። ነገር ግን ከአብዛኛው ቁጥር በስተጀርባ ሰነድ ያነበበ ሰው አለ። በአገራችን ምሳሌ እንመልከተው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 በዓለም አቀፍ ገበያ የመጀመሪያዋን የዩሮ ቦንድ ስትሸጥ መጠኑ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ዓመታዊ ወለዱ 6.625 በመቶ፣ የመክፈያ ዘመኑም 10 ዓመት ነበር። እንዲህ ያለ ቦንድ ለገበያ በቀረበ ቁጥር የመረጃ ሠራተኛው የሽያጩን ሰነድ አንብቦ የወለዱን መጠን፣ የክፍያ ቀኖቹንና ዕዳው የሚያበቃበትን ጊዜ በየረድፉ ይመዘግባል።

እስቲ እናስላው። የ1 ቢሊዮን ዶላር 6.625 በመቶ በዓመት 66.25 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። መዝጋቢው ሁለት አሃዞችን አዛውሮ 6.265 ብሎ ቢጽፍ ወለዱ 62.65 ሚሊዮን ይሆናል፤ በአንድ የጣት ስሕተት 3.6 ሚሊዮን ዶላር ከመዝገብ ጠፋ ማለት ነው። ወለዱ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚከፈል በመሆኑ የአንዱ ክፍያ መጠን 33.125 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 አገራችን ሳትከፍል በመቅረቷ የዓለም ዜና የሆነው ገንዘብም ይኸው ነው። እንግዲህ ያ አሃዝ በአንድ መዝገብ ውስጥ ያለ ተራ ቁጥር ቢመስልም፣ የአንድ ሕዝብ ዕዳ፣ የብዙ ቆጣቢዎችም ንብረት ነበር።

በአሁኑ ዘመን ሰነዶችን አስቀድመው የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 በፋይናንስ ጽሑፎች የሠለጠነ፣ 50 ቢሊዮን መለኪያዎች ያሉት የቋንቋ ሞዴል ሠርቶ አስተዋውቋል። ይሁን እንጂ ማሽኑ ሲሳሳት የሚጠየቀው ያው ሰው ነው።

ሁለት ጊዜ የሚጫን ቁልፍ

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጡ የተቀጠሩ በርካታ ወጣቶች ሥራቸውን የሚጀምሩት በደንበኞች እርዳታ ክፍል ነው። ደንበኛው በተርሚናሉ ላይ ያለውን የእርዳታ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሲጫን ከሰው ጋር ይገናኛል። ጠያቂው በገበያ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፤ መላሹ ደግሞ ትናንት የተመረቀ ወጣት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ ወጣቱ የቦንድ ዋጋ ከወለድ ጋር ያለውን ዝምድና ከመጽሐፍ ይልቅ በዚህ ወንበር ላይ ጠንቅቆ ይማረዋል። የማያውቀውን እንደሚያውቅ አስመስሎ ከመመለስ ይልቅ ጠይቆ መመለስ እንደሚሻልም የሚረዳው እዚሁ ነው።

የመስተዋት ቤት

ኩባንያው ለአለቆች የተለየ ክፍል ባለመስጠቱ ይታወቃል፤ የመሥራቹ ጠረጴዛ እንኳ በአዳራሹ መካከል ከሌሎቹ ጋር የተቀመጠ ነው። በለንደኑ ሕንፃ ሠራተኛው መጀመሪያ ወደ ስድስተኛው ፎቅ ይወጣል፤ እዚያም ምግብና መጠጥ ያለ ክፍያ ይቀርባል። ከዚያ 210 ሜትር ርዝመት ባለው ጠመዝማዛ መንገድ በእግሩ እየወረደ ወደ ሥራው ያመራል። ንድፉ ሰዎች በመንገድ ተገናኝተው እንዲነጋገሩ የታሰበ ነው። የሚጠይቁትን ሰው ለማግኘት በር ማንኳኳት ስለማያስፈልግ ስሕተት ቶሎ ይገለጣል፣ ቶሎም ይታረማል።

ግልጽነት ግን ዋጋ አለው። ሠራተኛው መታወቂያ ካርዱን በበሩ ሲያስነካ የገባበት ሰዓት ተመዝግቦ ለባልደረቦቹ ጭምር ይታይ እንደነበር ስለ ኩባንያው በወጡ ጽሑፎች በተደጋጋሚ ተገልጿል። አንዱ በዚህ ውስጥ እኩልነትን ያያል፤ ሌላው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የማይከደን ዓይን።

ወሰኑ ሲታለፍ ምን እንደሚከተል እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 ታየ። የኩባንያው የዜና ክፍል ጋዜጠኞች ደንበኞች ተርሚናሉን መቼ እንደከፈቱና ምን ዓይነት አገልግሎቶችን ስንት ጊዜ እንደተጠቀሙ ማየት ይችሉ እንደነበር ተገለጠ። ጎልድማን ሳክስ የተባለው ባንክ ቅሬታ አቀረበ፤ ኩባንያው ጋዜጠኞቹ መረጃውን እንዳያዩ ከለከለ፤ የዜና ክፍሉ ዋና አዘጋጅም በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ለሠራተኞቹ ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ በእጃችን ያለ መረጃ ሁሉ የእኛ አይደለም።

ለነገ ባለሙያዎች

ከእናንተ መካከል ነገ በባንክ፣ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት፣ በሆስፒታል መዝገብ ክፍል ወይም በምርምር ተቋም የምትሠሩ ብዙዎች ናችሁ። በየትኛውም ቦታ ቁጥር ስትመዘግቡ ሁለት ጥያቄዎች ይከተሏችኋል። ስሕተት ቢሆን የሚጠየቀው ማን ነው? መረጃውስ የማን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ሥራን ለሌሎች ዓይን መክፈትን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ የራስን ዓይን መግታትን። ጢቡሉስ ከ1,900 ዓመታት በፊት በሰሙ ላይ ስሙን፣ የአበዳሪውን ስምና ያለበትን መጠን ለይቶ ጻፈ። ሰሙ ጠፍቶም ሰነዱ እስከ ዛሬ የሚታመነው ባለቤቶቹ የታወቁ ቁጥር ስለሆነ ነው።