የዕለት ቅባታችንን እንዴት እናሰላለን?

ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ውስጥ እኩል ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ ተመግበው ሊውሉ ይችላሉ። ሁለቱም ጠግበዋል፤ ሁለቱም የዕለት ሥራቸውን ሠርተዋል። ይሁን እንጂ አንደኛው የሚያስፈልገውን ቅባት በሙሉ ሲያገኝ፣ ሌላው ግማሹን እንኳ ሳያገኝ ቀርቶ ይሆናል። ይህ ልዩነት በዓይን አይታይም፤ ሆድ በመጥገቡም አይታወቅም። የሚታወቀው በሒሳብ ነው። ሒሳቡ ደግሞ ማባዛትና ማካፈል ለሚያውቅ ተማሪ ሁሉ ቀላል ነው።

ምግቦች ለሰውነት በሚሰጡት አገልግሎት ኃይልና ሙቀት ሰጪ፣ ገንቢ፣ እንዲሁም በሽታ ተከላካይ ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። ቅባት ከኃይልና ሙቀት ሰጪዎቹ ወገን ይመደባል። ሥራው ግን ኃይል በመስጠት ብቻ አያበቃም። የሰውነታችን ሕዋሳት ሽፋን የሚሠራው በከፊል ከቅባት ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በቅባት ውስጥ የሚሟሙ በመሆናቸው፣ ሰውነት በሚገባ የሚቀበላቸው ምግቡ ቅባት ሲኖረው ነው። ለምሳሌ አሶሳ በማንጎዋ የታወቀች ከተማ ናት። ለበሰለ ማንጎ ብጫ መልኩን የሚሰጠው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል። ነገር ግን ማንጎ የራሱ ቅባት የለውም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ጥቂት ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲበላ ነው።

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት መለኪያውን እንወቅ። በምግብ ነገር በተለምዶ «ካሎሪ» የሚባለው በትክክለኛ ስሙ ኪሎ ካሎሪ ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ አንድ ግራም ፕሮቲንም እንዲሁ 4 ይሰጣል። አንድ ግራም ቅባት ግን 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። በስሌታችን ውስጥ ዋናው ቁጥር ይህ 9 ነው።

ስሌቱ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ሰውየው በቀን የሚያስፈልገው የካሎሪ መጠን ይወሰናል። ቀጥሎ ከዚህ መጠን ውስጥ ስንት በመቶው ከቅባት መገኘት እንዳለበት ይታሰባል። በመጨረሻም የተገኘው ቁጥር ለ9 ይካፈላል፤ ውጤቱም የቅባቱ መጠን በግራም ይሆናል።

የመቶኛው ድርሻ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ለዐዋቂዎች ከጠቅላላው ካሎሪ ከቅባት የሚገኘው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከ15 በመቶም እንዳያንስ ይመከራል። ከ2 እስከ 18 ዓመት ለሆኑት ግን በ2008 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ የተሰበሰቡ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚለውን ወሰን አስቀምጠዋል። በዕድገት ላይ ያለ ሰውነት ከቅባት የሚፈልገው ድርሻ ከፍ ያለ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ በምሳሌነት እንውሰድ። በዚህ ዕድሜ ያለች፣ መጠነኛ እንቅስቃሴ የምታደርግ ልጃገረድ በቀን 2400 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልጋታል። የ2400 ኻያ አምስት በመቶ 600 ነው፤ 600 ለ9 ሲካፈል 67 ግራም ገደማ ይሆናል። የ2400 ሠላሳ አምስት በመቶ ደግሞ 840 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 93 ግራም ይሆናል። እንግዲህ ተማሪዋ በቀን ከ67 እስከ 93 ግራም ቅባት ያስፈልጋታል ማለት ነው።

ይህ ስሌት ለትምህርት ቤት መልመጃ ብቻ የሚውል አይደለም። በአሶሳ አካባቢ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ሸርቆሌ ባሉ መጠለያዎች ከሱዳን የተሰደዱ ሰዎች ሰፍረዋል። ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች የምግብ ራሽን ሲታቀድ በዓለም አቀፍ ደረጃ በመነሻነት የሚያዘው ቁጥር፣ በአማካይ ለአንድ ሰው በቀን 2100 ኪሎ ካሎሪ ነው። ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 17 በመቶው ከቅባት እንዲገኝ ይፈለጋል። የ2100 ዐሥራ ሰባት በመቶ 357 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 40 ግራም ያህል ይሆናል።

ይህን 40 ግራም ከምን እናገኘዋለን? 100 ግራም ማሽላ 330 ኪሎ ካሎሪና 3 ግራም ቅባት ይሰጣል እንበል። አንድ ሰው 2100 ኪሎ ካሎሪውን በሙሉ ከማሽላ ገንፎ ብቻ ማግኘት ቢፈልግ፣ 636 ግራም ማሽላ መብላት ይኖርበታል። ካሎሪው ሞልቷል። ቅባቱ ግን 19 ግራም ብቻ ነው፤ ይህም ከጠቅላላው ካሎሪ 8 በመቶ መሆኑ ነው። ከሚፈለገው ግማሽ እንኳ አይደርስም። በመግቢያችን ላይ ጠግቦ ሳለ ቅባት ጎደለው ያልነው ሰው እንዲህ ያለው ነው።

አሁን ከማሽላው ጥቂት ቀንሰን 25 ግራም ዘይት እንጨምርበት። ይህ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት ነው። ዘይቱ 225 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ ለቀረው 1875 ኪሎ ካሎሪ 568 ግራም ማሽላ ይበቃል። ጠቅላላው ቅባት 42 ግራም ይሆናል፤ ይኸውም 18 በመቶ ነው። ካሎሪው አልተለወጠም፤ የምግቡ ብዛት ግን ቀንሷል። ይህ በተለይ ለሕፃናት ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው፤ ጨጓራቸው ትንሽ ስለሆነ ካሎሪያቸውን ሁሉ ከገንፎ ለማግኘት ብዙ መብላት አይችሉምና።

ዘይት ባይኖርስ? በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ማሽላ፣ በቆሎና ዳጉሳ እንደሚመረቱ ሁሉ፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ ኑግና አኩሪ አተርም ይመረታሉ። ሰሊጥና ኦቾሎኒ ከክብደታቸው ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። 50 ግራም ሰሊጥ 25 ግራም ገደማ ቅባት ስላለው፣ ከላይ ያየነውን የዘይት ቦታ ሊሸፍን ይችላል። በየቀኑ 50 ግራም በዓመት ሲሰላ ከ18 ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል። ሰሊጥ በገበያ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣ ሰብል ነው፤ ስለሆነም ገበሬው መሸጡ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምርቱን በሙሉ ሸጦ ማሽላውን ብቻ ለቤቱ የሚያስቀር ቤተሰብ፣ ቅባቱን ከጓሮው አስወጥቶ ሸጠ ማለት ነው። ለአንድ ሰው ከአንድ ኩንታል አንድ አምስተኛ የማይሞላ ሰሊጥ ቢያስቀር ግን ጉድለቱን ይሸፍናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። መቶኛው ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። የእርዳታ ገንዘብ ሲያጥር ራሽን እንደሚቀነስ የታወቀ ነው። ከላይ ያየነው የ2100 ኪሎ ካሎሪ ምግብ ወደ 60 በመቶ ቢቀነስ 1260 ኪሎ ካሎሪ ይቀራል፤ ቅባቱም ከ42 ወደ 25 ግራም ይወርዳል። መቶኛው ግን አሁንም 18 ነው። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው «ድርሻው ተሟልቷል» ሊል ይችላል፤ የሚበላው ሰው ግን ተርቧል። በመሆኑም መቶኛውና ግራሙ ሁልጊዜ አብረው መታየት አለባቸው።

የቅባት መብዛትም እንደ ማነሱ ሁሉ ይጎዳል። በአንድ ከተማ የሚኖር አራት አባላት ያሉት ቤተሰብ በ30 ቀን ውስጥ 5 ሊትር ዘይት ይጨርሳል እንበል። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አምስቱ 4600 ግራም ይሆናል። ይህ ለ30 ቀን፣ ከዚያም ለ4 ሰው ሲካፈል በቀን ለአንድ ሰው 38 ግራም ይደርሰዋል። በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ዐዋቂ የቅባት ከፍተኛው ወሰን 67 ግራም ነው። እንግዲህ ቅቤው፣ ሥጋው፣ ወተቱና ኦቾሎኒው ሳይቆጠር፣ ዘይቱ ብቻውን ከወሰኑ ከግማሽ በላይ ወስዷል።

ዘይቱ የሚረጋው የፓልም ዘይት ከሆነ ሌላም ሒሳብ አለ። የሚረጋ ቅባት ከጠቅላላው ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ከፍ በማድረግ ልብን ለበሽታ ያጋልጣልና። የ2000 ዐሥር በመቶ 200 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 22 ግራም ይሆናል። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ስለሆነ፣ ከ38ቱ ግራም 19ኙ ከዚሁ ወገን ነው። ቅቤ ሲታከልበት ወሰኑ ወዲያው ይታለፋል። ከኑግና ከሰሊጥ የሚጨመቀው ዘይት ግን አብዛኛው የማይረጋ ቅባት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ካሎሪን መቁጠር የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን ነው። የገንፎ ማዕድ በሞላበት ቤት ቅባት ሊጎድል ይችላል፤ መጥበሻ ከምድጃ በማይወርድበት ቤት ደግሞ ሊበዛ ይችላል። በየትኛው ወገን እንዳለን የምናውቀው በልማድ ሳይሆን፣ ዘይቱን ለክተን፣ ቀኑንና ሰዉን ቆጥረን፣ በመጨረሻም አስልተን ስንደርስበት ነው።

ጥያቄዎች

1. አንድ የ15 ዓመት ልጅ በቀን 3000 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የቅባት መጠን በግራም አስሉ።

2. «መቶኛው ብቻውን ሊያሳስት ይችላል» የተባለው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።

3. «ይሁን እንጂ»፣ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም» የተባሉትን አያያዦች ከምንባቡ አውጥታችሁ፣ እያንዳንዳቸው ምን ዓይነት ሐሳቦችን እንዳያያዙ ግለጹ።

4. በቤታችሁ በአንድ ወር የሚያልቀውን ዘይት ጠይቃችሁ ለአንድ ሰው በቀን የሚደርሰውን አስሉ። ውጤቱንም በሦስት አንቀጽ የማብራሪያ ድርሰት ጻፉ።