የመሸበት እንግዳ በባዕድ አገር

በጎጃም ደጋ መንገድ የመሸበት ሰው ከማናቸውም ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ቢል፥ ከውስጥ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» የሚል ነበረ። ከየት እንደ መጣ ሳይመረመር እግሩ ይታጠባል፥ ከተገኘው ይቀርብለታል፥ በመደቡ ላይ ቍርበት ይነጠፍለታል። ዓባይን የሚሻገረው ነጋዴም፥ ከዲማ ጊዮርጊስ ወደ ደብረ ኤልያስ የሚያልፈው የቆሎ ተማሪም በዚህ ልማድ ተማምነው ይወጡ ነበር እንጂ «ዛሬ ማታ የት አድራለሁ?» ብለው አስቀድመው አይጨነቁም ነበር። እኛም የዚህ ልማድ ልጆች ስለ ሆንን፥ ወደ ባዕድ አገር ስንሄድ ልባችን ይህንኑ ተስፋ ይዞ ይሄዳል። ያ ተስፋ በሰው አገር የት ላይ እንደሚሰናከልና፥ ጥቂት ገንዘብ ያለው መንገደኛ በምን ብልሃት ደኅና ማደሪያ እንደሚያገኝ መነጋገር ልጅ ለሚሸኝ ቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ማርቆስ በእኅቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ፥ በመምህርነት የምታገለግለው ልጇ አንድ አሳብ አመጣች። እርስዋና ባልንጀራዋ በክረምቱ ዕረፍት ናይሮቢን፥ ከዚያም በባቡር ሞምባሳን ሊያዩ ቈርጠዋል። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ሲገባ ቪዛ ስለማይጠየቅ፥ የሁለቱ መምህራት ቍጠባ ለመንገዱ ይበቃ ነበር። የቀረው የማደሪያው ነገር ነው። ለእኅቴ ግን ይህ እንደ ችግር አልታያትም።

«ወንድም ጋሼ፥ እዚያ የሚኖር የአገር ሰው መቼም አይጠፋ፤ ሐበሻ ሐበሻን ደጅ ያሳድራል እንዴ?» አለችኝ።

«እኅቴ፥ እኔን ደጅ ያሳደረኝ ሰው አልነበረም፤ የገዛ ራሴ የቀን አቈጣጠር ነው እንጂ» አልኋትና፥ ለብዙ ጊዜ ደብቄው የኖርሁትን የሮም ሌሊት ነገርኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበረ። በጕልምስናዬ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ ይዤ ሮምን ለማየት ስሄድ፥ በቲኬቴ ላይ የተጻፈው የመድረሻ ቀን 15 ስለ ነበረ ርካሽ ከሆነ አንድ ማደሪያ አልጋዬን ከ15 ጀምሮ ያዝሁ። አውሮፕላኑ ያረፈው ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ከማደሪያው ደጅ ስደርስ 9 ሰዓት ሆኗል። ዘበኛው መዝገቡን አይቶ፥ «የእርስዎ አልጋ የሚሰጠው ዛሬ ከቀትር በኋላ ነው፤ ይህ ሌሊት በትናንትናው ቀን የሚታሰብ ነው፤ አሁንም አንድ ባዶ አልጋ የለንም» አለኝ። እውነቱን ተናገረ። ቀኑ በእነርሱ ዘንድ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ የአልጋ ሒሳብ ግን የሚጀምረው ከቀትር በኋላ ነውና፥ በ15 ሌሊት ደርሶ ለመተኛት አልጋው ከ14 መያዝ ነበረበት። «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ልለው አሰብሁ፤ ነገር ግን ያንን ቃል በማውቀው የባዕድ ቋንቋ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። በአንድ የአውቶቡስ ማቆሚያ ወንበር ላይ ሻንጣዬን ታቅፌ፥ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እየፈራሁ ነጋልኝ።

እኅቴ ሲኒውን አስቀምጣ ልጇን ተመለከተች። «ሴት ልጅ ብትሆንስ ኖሮ?» አለች። ከዚያ በኋላ የሐበሻ ደጅ ነገር በዚያ ምሽት አልተነሣም።

ማደሪያን አስቀድሞ መያዝ በሰው አለመታመን የሚመስለው አለ። እንዲህ አይደለም። በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊ እንኳ የቈሰለውን መንገደኛ ወደ እንግዶች ማደሪያ ካስገባ በኋላ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ከፍሎ፥ የሚጐድለውን በተመለሰ ጊዜ እንደሚሞላ ተስማምቶ ነው የሄደው። የእኛም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። በኢየሩሳሌም የዴር ሱልጣን መነኮሳት ከአገራቸው የመጣውን ተሳላሚ ሲቀበሉ ኖረዋል። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1893 የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው ያሉት ቤቶች ኢትዮጵያዊ በዚያች ከተማ መጠጊያ እንዲኖረው አድርገዋል። እኔ ወንበር ላይ ባደርሁባት በሮምም ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማደሪያ ሆኖ ነበር። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን በዚያ ቤት ተቀምጠው ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548 እና በ1549 አሳትመዋል። በሩቅ አገር ሥራ መሥራት የተቻለው ጣራው አስቀድሞ ስለ ተገኘ ነው።

ዛሬ «ሆስቴል» የሚባለው የመንገደኞች ማደሪያ ደግሞ ከአንድ መምህር አሳብ የወጣ ነው። ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ መምህር በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ኃይለኛ ዝናብ ያዘው፤ በአንድ መንደር ትምህርት ቤት ውስጥ ጭድ አንጥፈው አደሩ። በዚያ ሌሊት፥ በዕረፍት ጊዜ ባዶ የሚቀሩት ትምህርት ቤቶች ለወጣት መንገደኞች ማደሪያ ቢሆኑ ምን ነበረ ብሎ አሰበ። በ1912 በአልቴና ከተማ በሚገኝ አሮጌ ግንብ ውስጥ ቋሚው ማደሪያ ተከፈተ፤ ልማዱም ከዚያ ወደ ዓለም ሁሉ ተዛመተ። የጎጃም ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን አጠገብ ያለችው የተማሪ ጎጆስ ምንድር ናት? አዲስ የመጣው ተማሪ አኩፋዳውን ሰቅሎ ደበሎውን አንጥፎ ከቀደሙት ጋራ ይተኛል፤ ያገኙትን ይካፈላሉ፤ የጎጆዋንም ሥርዓት ይጠብቃል። ሆስቴልም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የሚከፈልበት መሆኑ ነው።

እንግዲህ በዚያ ምሽት ልጅቱ በስልኳ ላይ የማደሪያዎችን ዝርዝር ከፍታ፥ ሦስታችንም አንድ በአንድ መረመርን። የደረስንበትን ለአንባቢዎች እንደሚከተለው እናካፍላለን።

በመጀመሪያ «አልጋ» የሚለውን ቃል እንጠንቀቅበት። በአገራችን «አልጋ ያዝሁ» ያለ ሰው ለብቻው የሚዘጋው ክፍል ያገኘ ነው። በሆስቴል ግን አልጋ ማለት አራት፥ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በሚያድሩበት ክፍል ውስጥ፥ ብዙ ጊዜም በተደራራቢ አልጋ ላይ፥ አንድ መኝታ ነው። ዋጋውም የሚነገረው በአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ነው። ወንድና ሴት በአንድነት የሚያድሩባቸው ክፍሎች ስላሉ፥ ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍል እንዳለ ሳይጠይቁ መያዝ አይገባም። ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ለሚሄድ ሰው ደግሞ አንድ ትንሽ ክፍል መከራየቱ አንዳንድ ጊዜ ከብዙ አልጋ ዋጋ እምብዛም ስለማይበልጥ ሁለቱን ማነጻጸር ይበጃል።

ሁለተኛው የቀንና የሰዓት ነገር ነው። ዝርዝሩ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን ቀን ነው። ነሐሴ 4 ለእነርሱ ኦገስት 10 ነው። ሰዓታቸውም ከእኛ በስድስት ይለያል። የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች በስዋሂሊ ሲነጋገሩ እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ይቈጥራሉ፤ የባቡርና የአውሮፕላን ቲኬት ግን እንደ አውሮፓውያን ይጻፋል። ስለዚህ የተነገረውንና የተጻፈውን ሰዓት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚደርስ ሰው አልጋውን ከፊተኛው ቀን ይያዝ፤ የሚደርስበትንም ሰዓት ለማደሪያው ጽፎ ያስታውቅ። ሌሊት በሩን የሚከፍት ሰው የሌላቸው ማደሪያዎች አሉና።

ሦስተኛው የሠፈሩ ነገር ነው። ርካሽ አልጋ ከከተማ የራቀ ሲሆን በአልጋው የተረፈው ገንዘብ ለታክሲ ይወጣል። ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ የሚሄደው በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር የሚያደርሰው ሚሪቲኒ ከሚባለው፥ ከከተማው ዳር ከሚገኘው ጣቢያ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «ከጣቢያው አጠገብ» የሚል ማስታወቂያ አይቶ ከባሕሩም ከከተማውም ርቆ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ በካርታው ላይ ርቀቱን መለካት፥ በምሽት የሚሄድበትንም መንገድ መጠየቅ ያሻል።

አራተኛው ቀድመው ያደሩት ሰዎች የሚሰጡት ምስክርነት ነው። ምስጋናውን ብቻ ማንበብ አይበቃም፤ ነቀፋውን፥ ይልቁንም በቅርብ ወራት የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። አንድ ሰው ብቻ ቢያማርር ጠባዩ ሊሆን ይችላል፤ አምስት ሰዎች ስለ ትኋን ወይም ስለ ስርቆት ከጻፉ ግን ወደ ሌላ ማለፍ ነው። ለብቻቸው የተጓዙ ሴቶች የጻፉት ለሴት ልጅ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል።

አምስተኛው ገንዘብ ነው። በዝርዝሩ ላይ የሚታየው ዋጋ የከተማ ግብርን፥ አንሶላንና ፎጣን መጨመሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ስለ ተደረገ፥ ዛሬ በብር ያሰሉት ሒሳብ በጉዞው ጊዜ ሊለወጥ ይችላልና ትርፍ መያዝ ይገባል። በውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ ስለሚገኝበት ሁኔታ ባንክን በጊዜ መጠየቅ፥ ካርድ የሌለውም ሰው ሲደርስ የሚከፈልበትን ማደሪያ መምረጥ ይችላል። በስልክ ደውሎ «ገንዘቡን በግል ሒሳቤ ላክልኝ» ለሚል ሰው ግን ሳንቲም መላክ አይገባም። ወደ አውሮፓ ለመሄድ የሼንገን ቪዛ የሚጠይቅ ሰው የማደሪያ ማስረጃና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን እንዲያቀርብ ስለሚጠየቅ፥ ቪዛው ቢከለከል ያለ ኪሳራ የሚሰረዝ አልጋ መያዙ ብልኅነት ነው። ይህን ሁሉ በመጨረሻዋ ሌሊት ማድረግ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው ይሆናል።

እኅቴ እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ ስትሰማ ቈይታ፥ «ጾሙስ? የሚሄዱት በፍልሰታ ነው» አለች። እነሆ የሆስቴል ትልቁ ጥቅም በዚህ ተገለጠ። ብዙዎቹ እንግዶች ራሳቸው የሚያበስሉበት የጋራ ወጥ ቤት አላቸው። ወጥ ቤት እንዳለ ከዝርዝሩ አረጋግጦ፥ የሚሄዱበትም አገር ምን ዓይነት ምግብ ይዞ መግባትን እንደሚፈቅድ ጠይቆ፥ ሽሮና በርበሬ የያዘ ሰው በቀን አንድ ጊዜ ለሚበላው የጾም ምግብ ቤት ፍለጋ አይንከራተትም። ብረት ድስቱን አጥቦ መመለስ ግን የቤቱ ሥርዓት ነው። ከዚህም በቀር ፓስፖርትና ገንዘብ የሚቀመጥበት ሣጥን ብዙ ጊዜ ያለ ቍልፍ ስለሚሰጥ አንድ ጓጉንቸር ከቤት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። የማደሪያው ስም፥ አድራሻና ስልክ በወረቀት ተጽፎ አንዱ በተጓዡ ኪስ፥ አንዱ በቤተ ሰብ ዘንድ ይቀመጥ፤ የስልክ ባትሪ የሚያልቀው ሁልጊዜ በጨለማ ነው።

ልጅቱ ሁሉንም መርምራ አልጋውን ልትይዝ ስትል ድንገት እጇን ሰበሰበች። ቲኬታቸው ነሐሴ 4 ማታ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ናይሮቢ የሚያደርስ ነበረ፤ የመድረሻውም ቀን ኦገስት 11 ተብሎ ተጽፏል።

«አጎቴ፥ ከ11 ብይዘው እንደ እርስዎ ወንበር ላይ ላድር ነበር እኮ!» አለችና ከ10 ያዘችው። ያ የሮም ሌሊት ለአንድ ሰው ጠቀመ ብዬ ደስ አለኝ።

የሄዱ ዕለት እኅቴ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አልተኛችም። አድራሻው የተጻፈበትን ወረቀት ከራስጌዋ አድርጋ ስልኩን ትጠብቅ ነበር። ኋላም «እማዬ፥ ደርሰናል፤ አልጋችን ላይ ነን» የሚል ቃል መጣላት። በማግሥቱ ልጠይቃት ስሄድ ፊቷ በርቶ አገኘኋት።

«ማደሪያን አስቀድሞ መያዝ ደግ ነው፤ አሁን ገብቶኛል» አለችኝ ቡናውን እየቀዳች። «በእኔ ደጅ ለመሸበት ሰው ግን ይግቡ እለዋለሁ እንጂ አልጋ ይዘው ነበር ወይ ብዬ አልጠይቀውም።»

ይህን ስትል የምነቅፋት ነገር አላገኘሁም።