በንግግር መካከል የሚጠፋው ስክሪን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሐሙሲት ስሟ እንደሚያመለክተው የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። ከደራ ቀበሌዎችና ከፎገራ ሜዳ የሚመጣው እህል ይራገፍባታል፤ ከአዲስ አበባ የሚላከውም ሸቀጥ በሱቆቿ ይዘረጋል። ቀድሞ ነጋዴው ዋጋ ለመጠየቅ ሰው ይልክ ወይም ስልክ ይደውል ነበር። ዛሬ ግን የሽምብራውን ናሙና በመዳፉ ይዞ በዋትስአፕ፥ በኢሞ፥ በቴሌግራም ወይም በዙም ሩቅ አገር ላለው ገዢ በምስል ሊያሳይ ይችላል። ይህ መልካም ሆኖ ሳለ፥ ዋጋው ሊቆረጥ ሲል ፕሮግራሙ በድንገት ተዘግቶ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

የሚጠፋውም የገዢው መልክ ብቻ አይደለም። የተናገረው ቁጥር ለኩንታል ነው ወይስ ለቶን? ዋጋው ጅቡቲ ወደብ መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ የሚታሰበው ኤፍ ኦ ቢ ነው ወይስ የመርከብ ኪራይና ኢንሹራንስ የተጨመረበት ሲ አይ ኤፍ? አንዲት ያልተሰማች ቃል የአንድ ወቅት ትርፍ ይዛ ልትሄድ ትችላለች።

ይህ የደረሰበት ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ኔትወርኩን ረግሞ ተጨማሪ የዳታ ጥቅል ይገዛል። ነገር ግን ብልሽቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ መድኃኒቱም እንደዚያው ይለያያል። ምስሉ ደርቆ ቢቀር፥ ድምፁ ቢቆራረጥ፥ እንደገና በመገናኘት ላይ ነኝ የሚል ጽሑፍ ቢወጣ፥ ጉድለቱ የመሥመሩ ነው። መስኮቱ ራሱ ተዘግቶ የስልኩ የመጀመሪያ ገጽ ብቻ ቢታይ ግን፥ ጉድለቱ በአብዛኛው የስልኩ ወይም የፕሮግራሙ ነው። ለዚህኛው ዳታ መግዛት በተበላሸ ሚዛን ላይ እህል እንደ መጨመር ነው። ያጠራጠረ እንደ ሆነ ያንኑ ሲም ካርድ በሌላ ስልክ አግብቶ መሞከር ነው፤ በዚያም ላይ ከተቋረጠ ነገሩ የመሥመር ነው ማለት ነው።

የመሥመር ጉድለት ሲሆን አስቀድሞ ካሜራውን ማጥፋት ይገባል። በዙም ሁለት ሰዎች ጥራት ባለው ምስል ሲነጋገሩ በሴኮንድ 600 ኪሎቢት ያህል ያስፈልጋል፤ ለድምፅ ብቻ ግን ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃል። ናሙናውን አሳይቶ ካሜራውን ዘግቶ ስለ ዋጋ መነጋገር እንግዲህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ደግሞም አንድ የስልክ ማማ አቅሙን በአካባቢው ላሉት ስልኮች ሁሉ ስለሚያካፍል፥ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ገበያው ሞልቶ ሳለ እንዲህ ያለ ንግግር መቅጠር አይመከርም። በብዙ ስልኮችም ተራ ጥሪ ሲገባ ዳታው ይቆማል ወይም ወደ ቀድሞው ዝግ ያለ መሥመር ይወርዳል። በገበያ ቀን ስልኩ የማይደወልለት ነጋዴ የለምና፥ ለምስል ንግግር ሌላ ቁጥር መያዝ ይበጃል።

ስልኩ ራሱ የሚዘጋ ሲሆን ነገሩ ሰፋ ይላል። ከቴሌግራም በየቀኑ የሚወርደው ፊልምና ፎቶግራፍ ማስቀመጫውን ይሞላዋል፤ ከኋላ የተከፈቱት ሌሎች ፕሮግራሞችም ጊዜያዊውን የማሰቢያ ቦታ ይሻማሉ። በዚያ ላይ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ፥ በቀትር ሙቀት፥ ቻርጀር ላይ እንደ ተሰካ የሚሠራ ስልክ ግሎ ሥራ ማቆሙ አያስገርምም። ከጥሪው በፊት ማስቀመጫውን ማጽዳት፥ ሌላውን ሁሉ መዝጋት፥ ስልኩንም አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ሁለተኛው ምክንያት የፕሮግራሙ እርጅና ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፥ ሌላ መሥመር ያልነበራቸው ስልኮች ፕሮግራሞቻቸውን የሚያድሱበት መንገድ አልነበረም። ዙም ደግሞ በዚያው በ2015 ዓ.ም. ከዘጠኝ ወር በላይ ያረጀ ቅጂ የያዘ ሰው እንዲያድስ ግዴታ አድርጓል። ስካይፕም ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጨርሶ ስለ ተዘጋ፥ በእርሱ ገዢ የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይጠብቃል። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ጂቢ ዋትስአፕም ዋናው ኩባንያ የማያውቀው ቅጂ ነው፤ ተጠቃሚውን ከነደንበኞቹ ዝርዝር ከአገልግሎት ሊያሳግደው ይችላል።

በኮምፒዩተር የሚነጋገሩት ደግሞ ከኋላቸው ያለውን የሚሸፍነውን ሐሰተኛ ሥዕል ያጥፉ፤ ይህ መሣሪያውን እጅግ ያደክማል። ገዢው ማየት የሚፈልገው እህሉን ሆኖ ሳለ መጋዘንን በባሕር ዳርቻ ሥዕል መሸፈን ምን እንደሚጠቅምም አይታወቅም። ካሜራውን ሌላ ፕሮግራም ይዞት እንደ ሆነ፥ የምስል ካርዱ ድራይቨርም አርጅቶ እንደ ሆነ መመልከት ያስፈልጋል። የትኛው እንደ ረዳ እንዲታወቅ ግን አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መሞከር፥ ከዚያ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መቋረጡ አይቀር ይሆናል። ስለዚህ ማን መልሶ እንደሚደውል በመጀመሪያው ደቂቃ መስማማት፥ ንግግሩ እንዳበቃም የዕቃውን ዓይነትና ደረጃ፥ መጠኑን፥ ዋጋውንና ገንዘቡን፥ የሚረከብበትን ቦታና ቀን በኢሜይል ጽፎ መላክ ያሻል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ በመጻፉ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ስለሚደነግግ፥ ይህ ጽሑፍ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ገዢው በጽሑፍ እስኪመልስ ድረስ ለጭነት መኪናው ቀብድ አይከፈልም።