የዱካ ትምህርት ቤት

በአፄ ምኒልክ ዘመን ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ሌባ ሻይ ያስጠራ ነበር። ለአንድ ልጅ የተዘጋጀ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ልጁ ራሱን ስቶ ሲሮጥ የገባበት ቤት ባለቤት በሌብነት ይያዛል። ከባድ ወንጀል ሲፈጸም ደግሞ የአገሩ ሰው አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደየቤቱ አይሰናበትም። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1909፣ በስዊዘርላንዷ የሎዛን ከተማ «ማን አደረገው?» የሚለውን ጥያቄ ለአቧራው፣ ለደሙ፣ ለተሰበረው መስተዋትና ለጣት አሻራው የሚያቀርብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የሎዛን ዩኒቨርሲቲ የፖሊስ ሳይንስ ተቋም ነው። ፎረንሲክ ሳይንስን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ራሱን የቻለ ትምህርት በማድረግ በዓለም ቀዳሚው እሱ ነው።

መሥራቹ ሮዶልፍ አርቺባልድ ራይስ በ1875 በጀርመን ባደን ተወለደ። ለትምህርት ወደ ሎዛን መጥቶ በ22 ዓመቱ በኬሚስትሪ ዶክተር ሆነ። ልቡን የሳበው ግን ፎቶግራፍ ነበር። ፓሪስ ሄዶ የእስረኞችን የሰውነት ልኬትና ፎቶግራፍ በሥርዓት መመዝገብ የጀመረውን አልፎንስ ቤርቲዮንን አሠራር ተማረ፤ ተመልሶም የወንጀል ስፍራ እንዴት እንደሚነሣ፣ ለዓይን የተሰወረ ዱካ በፎቶግራፍ እንዴት እንደሚገለጥ ያስተምር ጀመር። ተቋሙ የበቀለው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው ሀብቱ አንድ የጠለቀ ባለሙያ፣ ካሜራና ጨለማ ክፍል ነበር።

ፖሊስ የራሱ ላቦራቶሪ ካለው ዩኒቨርሲቲ ለምን ይገባበታል? የፖሊስ ላቦራቶሪ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገብ መመለስ አለበት፤ የመርማሪው ጥድፊያም የዳኛው ቀጠሮም ይጠብቁታል። ዩኒቨርሲቲ ግን ዘዴው ራሱ ትክክል መሆኑን ለመጠየቅ ጊዜ አለው። የዲኤንኤ አሻራ የተገኘው በ1984 በእንግሊዝ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ፣ በአሌክ ጄፍሪስ ላቦራቶሪ ነው። ፖሊስ ዘዴውን በግድያ ምርመራ ላይ ሲያውለው የመጀመሪያው ውጤት አንድ ወጣትን ነጻ ማውጣት ነበር። ልጁ ከሁለት ግድያዎች አንዱን ፈጽሜያለሁ ብሎ አምኖ ነበር፤ ደሙ ግን እሱ እንዳልሆነ መሰከረ። እውነተኛው ገዳይ በ1988 ተፈረደበት።

እንዲህ ያለ ትምህርት ክፍል ሲቋቋም በመጀመሪያ የሚታሰበው መሣሪያ ነው፤ ማይክሮስኮፑ፣ የዲኤንኤ ማሽኑ፣ ኬሚካል የሚለየው መሣሪያ። መሣሪያ በበጀት ይገዛል። ሰው ግን በዓመታት ነው የሚገነባው። አደንዛዥ ዕፅንና የቃጠሎ ፍርስራሽን የሚመረምር ኬሚስት፣ ደምና ፀጉር የሚያነብ ባዮሎጂስት፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚፈትሽ የዲጂታል ባለሙያ ያስፈልጋሉ። የስታቲስቲክስ መምህሩም የግድ ነው፤ «አሻራው ይመሳሰላል» ማለት ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያስረዳው እሱ ነውና። በወንጀል ስፍራ ተንበርክኮ ያደረና በፍርድ ቤት መስቀለኛ ጥያቄ የተፈተነ ባለሙያም ከመምህራኑ መካከል መኖር አለበት። ተማሪው ማስረጃ ማንሣት፣ ማሸግ፣ መሰየምና በፊርማ ማስረከብ የሚለምደው ከእሱ ነው። ርክክቡ አንድ ቦታ ከተበጠሰ፣ የላቦራቶሪው ውጤት የቱንም ያህል ቢያምር በችሎት ፊት ዋጋ ያጣል።

ማሽን ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ጀርመን አይታዋለች። በ2007 በሃይልብሮን ከተማ አንዲት ፖሊስ ስትገደል የአንዲት የማትታወቅ ሴት ዲኤንኤ ተገኘ። ያው ዲኤንኤ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ 40 ገደማ በሚሆኑ የወንጀል ስፍራዎች ታይቷል። ፖሊስ ለዓመታት ያቺን ሴት አሳደደ። በ2009 እውነቱ ሲወጣ፣ ዲኤንኤው ናሙና የሚነሣበትን የጥጥ ዘንግ በማምረቻው የነካች ሠራተኛ ነበር። ጥጡ ከጀርም እንጂ ከዲኤንኤ የጸዳ አልነበረም። ማሽኖቹ አልተሳሳቱም፤ ዲኤንኤው የአንዲት ሴት መሆኑን በትክክል ለይተዋል። እዚያ እንዴት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ግን የሰው ሥራ ነው።

ራይስ በ1914 የሰርቢያ መንግሥት ጋብዞት በሲቪሎች ላይ የተፈጸመውን የጦር ወንጀል ሊመረምር ሄደ፤ ኑሮውንም እዚያው አድርጎ በ1929 በቤልግሬድ አረፈ። ተቋሙ ግን መሥራቹ ሲሄድ አልፈረሰም። ማርክ ቢሾፍ ተረክቦ ለአሥርት ዓመታት መራው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የሕግ፣ የወንጀል ሳይንስና የመንግሥት አስተዳደር ፋኩልቲ ውስጥ ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ዶክትሬት ያስተምራል። ተማሪዎቹ ሂሳብን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ከሕግ ጋር ጎን ለጎን ይማራሉ።

የፎረንሲክ ትምህርት ክፍል ለመክፈት የሚያስብ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ከሎዛን ሊወስደው የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ የመሣሪያ ግዢ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት መምህሩ ይፈለግ፣ መምህሩም ተተኪውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሠልጥን። በዚህ ሙያ የአንድ ባለሙያ ስህተት ንጹሕ ሰው ያሳስራል፤ ጥንቃቄው ደግሞ ያስፈታል።