የሶፍትዌር ጥቅሎችን «መቅዳት» ወይስ «በመዝገብ መጫን»?

በሊኑክስ በሚሠራ ኮምፒውተር የተጫኑትን የሶፍትዌር ጥቅሎች ሌላው ኮምፒውተርም እንዲኖሩት ማድረግ በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ተግባር ነው። ይህንንም ብዙዎች «መቅዳት» ይሉታል። ነገር ግን ጠላ ሲቀዳ ጠላው ራሱ፣ ጽሑፍ ሲቀዳም ቃሉ ሁሉ ይሻገራል። በዚህ ተግባር የሚሻገረው ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተውን ዴቢያንን ለምሳሌ እንውሰድ። ዲፒኬጂ የተባለው የጥቅል አስተዳዳሪ ሲታዘዝ የሚያወጣው ስም በስም የተጻፈ መዝገብ ነው፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ጥቅሉ ሊኖረው የሚገባው ሁኔታ ተመልክቷል። መዝገቡ በሁለተኛው ኮምፒውተር ሲነበብ ፍላጎቱ ይመዘገባል እንጂ ምንም አይጫንም። ጥቅሎቹን ከማከማቻ አምጥቶ የሚጭናቸው ቀጥሎ የሚታዘዘው አፕት ነው። የሁለቱ ኮምፒውተሮች እትም ወይም ማከማቻ የተለያየ ከሆነም በመዝገቡ ያለ ስም ላይገኝ ይችላል። እንግዲህ የተሻገረው ስሙ እንጂ ዕቃው አይደለም። የተጠቃሚው ሰነዶችና በእጁ ያስተካከላቸው ቅንብሮችም አብረው አይሄዱም። «ሁሉም ተቀድቷል» ብሎ የቀድሞውን ኮምፒውተር የሚያጸዳ ሰው ንብረቱን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ «በመዝገብ መጫን» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «በዝርዝር መጫን» ያላልነው «በዝርዝር» የሚለው ቃል «በሰፊው» የሚል ፍቺም ስላለው ነው።

በመዝገቡ ሊገኙ ለሚችሉት አራት ሁኔታዎች የሚከተሉትን ቃላት መርጠናል።

ጫን፦ ጥቅሉ ይኑር።
ያዝ፦ ጥቅሉ ባለበት ይቆይ፤ በአዲስ እትም አይተካ።
አራግፍ፦ ጥቅሉ ይወገድ፤ የቅንብር ፋይሎቹ ግን ባሉበት ይቆዩ።
ጠራርግ፦ ጥቅሉ ከነቅንብር ፋይሎቹ ይወገድ።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሊምታቱ አይገባም፤ ጭነት ሲራገፍ መጫኛው እንደሚተርፍ ሁሉ «አራግፍ»ም የሚያስተርፈው አለውና።

ከዚህም ሌላ መዝገቡ ሰው መርጦ የጫነውን ጥቅል ለሌላው ድጋፍ ከመጣው አይለይም። የፊተኛውን «ተመራጭ»፣ የኋለኛውን «ደጋፊ» ብለናል። አፕት-ማርክ በተባለው መሣሪያ ተመራጮቹን ብቻ ለይቶ መመዝገብ ይቻላል፤ ደጋፊዎቹን አፕት ራሱ ያመጣቸዋል።

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ መሠረት ፍቺው እንደሚከተለው ይሆናል።

በመዝገብ መጫን፦ የአንድን ኮምፒውተር ጥቅሎች ስም መዝግቦ፣ በዚያው መዝገብ መሠረት በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጥቅሎቹን ከማከማቻ አዲስ አምጥቶ መጫን።