የሁለት ዓመት የጤና ትምህርት በአሜሪካ፦ ደመወዙ ዕዳውን ይከፍላል?

በአሜሪካ የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያዎች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ በ2023 77 ሺህ 960 ዶላር እንደነበር የአገሪቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ ያሳያል። ሙያውን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በአሶሺየት ዲግሪ መጀመር ይቻላል። በአጭር ሥልጠና የሚገባበት የሕክምና ረዳትነት ግን በ2023 42 ሺህ ዶላር ነበር የሚያስገኘው። ሁለቱም በ“ጤና ሙያ” ስም መጠራታቸው አመልካቾችን ያዘናጋል።

ግሪን ካርድ ያላቸው አነስተኛ ገቢ ያገኙ ተማሪዎች በ2024/25 እስከ 7 ሺህ 395 ዶላር የሚደርሰውን፣ የማይመለሰውን የፔል ድጎማ ማግኘት ይችሉ ነበር። ይህም በብዙ የሕዝብ ኮሌጆች ለአካባቢው ነዋሪ የትምህርት ክፍያ ይበቃል።

ታዲያ ዕዳው ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ነው። የሆስፒታል ልምምዱ በአብዛኛው ክፍያ የሌለው በመሆኑ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ተማሪ የሥራ ሰዓቱን ቀንሶ ለመበደር ይገደዳል። ለትርፍ የተቋቋሙ ኮሌጆች ደግሞ ክፍያቸው ራሱ ከባድ ነው። ከብድሩ ፊርማ በፊት የፕሮግራሙን ዕውቅና ማጣራት ያሻል፤ ዕውቅና ከሌለው ፕሮግራም የተመረቀ ሰው ለመተንፈሻ ሕክምናው ብሔራዊ ፈተና አይቀርብም።